ለኤልክ አደን ተራራ ልወጣ ነው፤ የትኛውን ቡትስ ልግዛ? እንዴትስ ላለማምደው?

የአውሮራው · ጁላይ 5

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ዘንድሮ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው) አደን ልወጣ ነው። ቦታው ፍላት ቶፕስ የሚባለው የኮሎራዶ ተራራማ አካባቢ ነው። ድንኳን የምንተክለው ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ጊዜው ኦክቶበር መጨረሻ፣ ሁለተኛው የጠመንጃ ወቅት። የአዳኝነት ኮርሱን ጨርሻለሁ። ጠመንጃው፣ ብርቱካናማው ሰደርያና ኮፍያ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ሁሉም ተሟልቷል። የቀረኝ ጫማ ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው እግሬ ላይ ነው። ያደግሁት ገጠር ነው፤ ትምህርት ቤት እስክገባ ጫማ አላደረግሁም። እግሬ ከፊት ሰፊ ነው፣ ተረከዜ ግን ቀጭን ነው። 43 ስለካ ትንሿ ጣቴን ይጨፈልቃታል። 44 ስለካ ተረከዜ ውስጡ ይዋልላል። ሱቅ ያለው ልጅ «ግድ የለም፣ ስታደርገው ይሰፋል» አለኝ። ዋጋው ግን ከ400 ዶላር በላይ ነው። ይህን ያህል ከፍዬ ተራራ ላይ ማነከስ አልፈልግም።

እና እባካችሁ ንገሩኝ። ጠንካራ ይሻላል ወይስ ቀላል? ጎርቴክስ፣ ውሃ የማያስገባው ሽፋን፣ ያስፈልጋል? ውስጡ የሚያሞቅ ሽፋን ያለውንስ ልግዛ? ማለማመዱን ከፍልሰታ በኋላ ብጀምር ይደርሳል?

ደጋ_አዳኝ · ጁላይ 5

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ጥሩ ቦታ መርጣችኋል። ኮሎራዶ በኤልክ ብዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ትበልጣለች፤ ፍላት ቶፕስ ደግሞ ከኮሎራዶም ዋናው ቦታ ነው።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ከፍልሰታ በኋላ አትበል። ፍልሰታ የሚፈታው ኦገስት 22 ነው። ከዚያ እስከ አደኑ ሁለት ወር ይቀርሃል። ጫማው ልክህ ከሆነ ሁለት ወር በደንብ ይበቃል። ልክህ ካልሆነስ? መልሰህ፣ ሌላ ፈልገህ፣ እሱን ደግሞ እንደገና ማለማመድ ሊኖርብህ ነው። ለዚያ ጊዜ የለህም። ስለዚህ ግዢው በዚህ ወር ይለቅ።

ጠንካራ ወይስ ቀላል ላልከው፣ ለዚህ ጉዞ ጠንካራውን እመርጣለሁ። ስለ ብራንድ ብዙ ይወራል። ክሪስፒ፣ ኬኔትሬክ፣ ሎዋ፣ ማይንድል፣ ሽኒስ፣ ዛምበርላን፣ ሁሉም ጥሩ ተራራ ጫማ ይሠራሉ። ለባልደረባህ የተመቸው ግን አንተን ሊያሰቃይህ ይችላል። እያንዳንዱ ድርጅት የሚሠራበት የእግር ቅርጽ የተለያየ ነው። የጣሊያኖቹ ብዙ ጊዜ ጠበብ ይላሉ። አንተ ባልከው እግር ሰፊ ስፋት አለው ወይ ብለህ መጠየቅ አለብህ። እዚህ አሜሪካ የወንድ መደበኛ ስፋት «ዲ» ይባላል፣ ሰፊው «ደብል ኢ» ነው። አንዳንዱ ሞዴል በሁለቱም ይመጣል።

ሱቅ የምትሄደው ከሰዓት በኋላ ይሁን። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጠባል። ለአደን የምታደርገውን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዘህ ሂድ። የውስጥ ሶል የምትቀይር ከሆነ እሱንም ያዝ። ጫማውን ሳታስር እግርህን እስከ ጫፉ ግፋው፤ ከተረከዝህ ጀርባ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ ጥብቅ አድርገህ እሰርና ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ነገር ላይ ቁም። አብዛኛው ደህና የጫማ ሱቅ ለዚህ የምትሆን ትንሽ መወጣጫ አለው። ከሌለ ደረጃ ላይ ውረድ። ጣትህ ከፊት ከነካ ያን ጫማ ተወው። ሽቅብ ስትሄድ ምንም አይልህም፤ ቁልቁል ስትወርድ ግን አውራ ጣትህን ጥፍሩ እስኪጠቁር ይመታሃል።

ሲያትል_ዝናብ · ጁላይ 6

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ማለቴ በጠንካራ ጫማ ነገር። እኔ የማድነው ካስኬድ ተራሮች ላይ ነው። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ያደክማል፤ ይሄ የተለካ ነገር ነው። እነዚያ የቆዳ ቡትሶች ጥንዱ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምክ የምታነሳው እግርህን ነው። ቀላል የእግር ጉዞ ቡትስ ወይም የተራራ ሩጫ ጫማ ያደረገ ሰው ብዙ ይሄዳል፣ ድምፅም አያሰማም። ማለማመድም ብዙ አይጠይቅም። ቢረጥብ እንኳ ቶሎ ይደርቃል።

ደጋ_አዳኝ · ጁላይ 6

ሲያትል፣ ያልከው በመንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው ትክክል ነው። በሴፕቴምበር በቀስት ለሚያድንም አልከራከርህም። ግን የዚህን ልጅ ጉዞ እንየው። ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ጠዋት ከዜሮ በታች ነው፣ ቀትር ላይ በረዶው ይቀልጥና ጭቃ ይሆናል። መንገድ የለም። በጎን ያዘነበለ ቁልቁለት አለ፣ የወደቀ ግንድ አለ፣ የድንጋይ ናዳ አለ።

እሺ ይሁን፣ ኤልኩንም መታው እንበል። ያኔ ነው ሥራው የሚጀምረው። ሥጋውን ጫካ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል። ብልቱ ወጥቶ በጀርባ መውረድ አለበት። የአንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ የኋላ እግር ከነአጥንቱ 30 ኪሎ ገደማ ነው። ያን ተሸክሞ በጎን ተዳፋት ላይ ሲሄድ ለስላሳ ሶል ይጠማዘዛል። ሶሉ ሲጠማዘዝ ቁርጭምጭሚት አብሮ ይጠማዘዛል። የእግር መዳፍም እያንዳንዱን ድንጋይ ሲጨብጥ ውሎ ማታ ይዝላል።

ቢሆንም እጅግ ደረቅ የሆነውንም አልመክርም። አውሮፓውያን ጫማን በጥንካሬ በፊደል ይመድቡታል። «ኤ» ለሜዳ ነው፣ «ዲ» በረዶና ገደል ለሚወጣ ነው። ለፍላት ቶፕስ «ቢ» ወይም በ«ቢ» እና በ«ሲ» መካከል ያለው ልክ ነው። ሱቅ ውስጥ ጫፉንና ተረከዙን ይዘህ እጠፈው። እጅህ ትንሽ ታግሎ የሚታጠፍ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ እርጥብ እንጀራ ከተጠቀለለልህ መልሰህ አስቀምጠው።

የዶዶላ_ልጅ · ጁላይ 6

እኔ ባሌና አርሲ ተራራ ላይ ከውጭ አገር አዳኞች ጋር ሠርቻለሁ። የሚመጡት ለደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም ስለሌለ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ነው የሚመጡት። ከፍታው እናንተ ከምትሄዱበት ጋር ይቀራረባል፣ ከዚያም ያልፋል። ጠዋት ሣሩ በጤዛ የራሰ ነው። አስታው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሥሩ ያደናቅፋል።

ስንት ጎበዝ ተኳሽ እንግዳ በእግሩ ምክንያት ሲሸነፍ አይቻለሁ። ጫማውን ከካርቶን የሚያወጣው ካምፕ ደርሶ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በደስታ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ያነክሳል። በሦስተኛው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ እግሩን ይነክራል። ዱካ የሚያነሱት የአገሬው ልጆች ግን በላስቲክ ጫማ ወይም በበረባሶ ከንጋት እስከ ማታ ይዘልቃሉ። እንግዶቹ ይገረሙና «ታዲያ ቡትስ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። የልጆቹ እግር ያንን መሬት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አንተም፣ የአውሮራው፣ አንድ ጊዜ እንደዚያ ዓይነት እግር ነበረህ። አሜሪካ ምንጣፍ ላይና መኪና ውስጥ ስትኖር ቆዳው ሳስቷል፣ ጡንቻውም ሰንፏል። ስለዚህ ጫማውን ብቻ አይደለም የምታለማምደው። እግርህንም ነው።

ጃንሜዳ_60 · ጁላይ 6

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ የሮጠው ለምን ይመስላችኋል? ለውድድሩ የሞከረው አዲስ ጫማ አልተመቸውም፣ እግሩንም ውሃ አስቋጠረው። ስለዚህ ልምምድ ሲያደርግ የለመደውን አደረገ፤ ጫማውን ትቶ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እግሩ ያለመደውን ነገር ለዋናው ቀን አለማምጣቱን ነው እኔ የማደንቅለት።

ጫማ_ሠሪው · ጁላይ 7

ልጄ፣ ስለ ቆዳው እኔ ልንገርህ። አዲስ አበባ ጫማ ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ አሁንም ቨርጂኒያ ጫማ እጠግናለሁ።

«ይሰፋል» ያለህ ልጅ ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። ቆዳ በስፋት ትንሽ ይለቃል። በርዝመት ግን አይለቅም። ጣትህን ከፊት የሚነካህ ጫማ ዓመት ብታደርገውም ይነካሃል። ደግሞ የተራራ ቡትስ ዙሪያውን፣ ከሶሉ በላይ፣ የላስቲክ ቀለበት አለው። ከድንጋይ ይከላከላል። ያ ላስቲክ የተጣበቀበት ቆዳ በስፋትም አይለቅም። ትንሿ ጣትህ የምትጨፈለቀው እዚያው ላስቲኩ ጋ ከሆነ ያን ጫማ ለሌላ ሰው ተውለት።

ሁለተኛ ነገር። ሱቅ ውስጥ እግርህን በብረቱ መለኪያ ያስለኩህ። ብራኖክ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያነበው እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ ያለውን ብቻ ነው። ሌላ ምልክት አለው፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ፣ ማለትም እግር እስከሚታጠፍበት ያለውን ይለካል። ጫማው የሚታጠፍበትና እግርህ የሚታጠፍበት ቦታ ካልተገናኙ ምንም ብታለማምደው አይስማማህም። የጣቶቹ ርዝመት 43፣ መታጠፊያው 44 የሚል ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው 44 ነው የሚገዛው። ምናልባት ያንተም ነገር ይሄ ነው። ተረከዝህ የሚዋልለውን በክር አስተሳሰርና በውስጥ ሶል ማስተካከል ይቻላል። የጠበበ የፊት እግርን ግን ክር አያሰፋውም።

ሦስተኛ፣ ሰው ቤት የቆየ ቡትስ ስጦታ ቢሰጥህ ተጠንቀቅ። የብዙዎቹ መካከለኛ ሶል ፖሊዩሬቴን ነው። ባይደረግም፣ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም፣ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ላዩ አዲስ ይመስላል። ተራራ ላይ ሦስት ሰዓት ሲሄዱበት ሶሉ እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል። ስንት ሰው አዝኖ አምጥቶልኛል።

የታችኛው ሶል ጥልቅ ጥርስ ያለው ይሁን። ዛሬ በየቡትሱ ሥር የምታየውን ጥርሳም የላስቲክ ሶል ያወጣው ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ ነው። በ1935 ስድስት ጓደኞቹ ተራራ ላይ አለቁ። ጫማቸው ለዚያ ብርድና በረዶ የሚሆን አልነበረም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብሎ ያዘውና በ1937 ያን ሶል አወጣ። ጫማ ነፍስ ያድናል የምልህ ለማጋነን አይደለም።

የአውሮራው · ጁላይ 7

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመታጠፊያውን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ሄጄ አስለካለሁ። የዶዶላ ልጅ፣ የእግሩን ነገር ተቀብያለሁ።

ሰላም_ከዴንቨር · ጁላይ 7

እኔም ከባለቤቴ ጋር ልወጣ አስቤያለሁ። ለኔ ቁጥር የሚሆን የሴት የአደን ቡትስ ሱቅ ውስጥ ብዙም የለም። የወንድ ትንሽ ቁጥር ብገዛስ?

ጫማ_ሠሪው · ጁላይ 7

ልጄ፣ ካልጠፋ በቀር አልመክርሽም። የሴት እግር ብዙውን ጊዜ ከፊቱ አንጻር ተረከዙ ጠባብ ነው። የወንዱ ጫማ ከኋላ ይለቅብሻል፣ ውሃ የሚያስቋጥረውም እሱ ነው። ክሪስፒም ኬኔትሬክም የሴት ይሠራሉ፤ በኢንተርኔት አዘዢና ቤት ውስጥ ለኪው። የሴት የተራራ ጉዞ ቡትስም ይሆንሻል፤ «አደን» የሚል ጽሑፍ ባይኖርበት ምንም አይደለም።

ደጋ_አዳኝ · ጁላይ 8

የጎርቴክስና የሙቀቱ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ጎርቴክስ ቀጭን ሽፋን ነው። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። ለበረዶና ለጭቃ ወቅት አስፈላጊ ነው እላለሁ። አንድ ነገር ግን እወቅ። ውሃ ከላይ በአንገቱ በኩል ከገባ አይወጣም፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ጌተር ግዛ። ከጫማው አፍ እስከ ጉልበት ድረስ የሚሸፍነው ጨርቅ ነው። ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ውጪው ቆዳ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ እንፋሎቱም መውጣት ያቆማል። ቆዳውን በሰም መንከባከብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ እየሄድክ የምታድን ከሆነ የማሞቂያ ሽፋን የሌለውን ግዛ። ቢበዛ የሽፋኑ መጠን 200 ግራም የሚባለውን። 400ው እና ከዚያ በላይ ያለው ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ተራራ ስትወጣ እግርህ ያልባል። ላቡ ካልሲህን ያረጥባል። ለማየት ቁጭ ስትል ያ እርጥበት ይበርድና ያንዘፈዝፍሃል። ሁለተኛ ካልሲ በቦርሳህ ያዝና ላይ ስትደርስ ቀይር። ብርድ ፈርተህ ግን ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርበህ ጫማውን አታጣብብ። ደም ካልተዘዋወረ ምንም ሱፍ አያሞቅህም።

ነርሷ · ጁላይ 9

ስለ ውሃ መቋጠር ላክልበት። ሰው ጫማው ቆዳውን እየፋቀ የሚያቆስለው ይመስለዋል። በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ከላይ ያለው ቆዳ ካልሲው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከሥር ያለው አጥንት ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። በመካከል ያለው ሥጋ ተደጋግሞ ይሳባል፣ በመጨረሻ ይላቀቅና ፈሳሽ ይሞላል። የረጠበ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይጣበቃል። ለዚህ ነው ጥጥ ካልሲ የማይሆነው። ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀመጣል። የሜሪኖ ሱፍ ይሻላል። እግሩ ቶሎ የሚላጥ ሰው ከሥሩ ስስ ካልሲ ቢጨምር መሳሳቡ በሁለቱ ካልሲዎች መካከል ይሆናል፣ ቆዳው ያርፋል።

ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይግላል፣ ያቃጥላል። ያኔ ቁሙ። «ትንሽ ልሂድና አያለሁ» አይባልም። ጫማ አውልቁ፣ አድርቁት፣ ሉኮቴፕ የሚባለውን ፕላስተር ሳይጨማደድ ለጥፉበት። ጫፎቹን በመቀስ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አለበለዚያ ይላቀቃል። አዳኝ ከጓደኞቹ ላለመቅረት ያፍርና ይሄዳል። አትፈሩ፣ አስቁሟቸው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከቋጠረ በኋላ፣ ትንሽ ከሆነና ካላመመ አትንኩት። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ በጸዳ መርፌ ከጠርዙ በስታችሁ ፈሳሹን አስወጡ። ላዩን ቆዳ ግን አትላጡት፣ ከሁሉ የተሻለ ፋሻ እሱ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን በራሱ እንዳይሞክር። እሱ ከመሄዱ በፊት እግሩን ሐኪም ይይለት፤ ስሜቱ ስለሚደነዝዝ ቁስሉን ላያውቀው ይችላል።

ጥፍራችሁን ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

የአውሮራው · ጁላይ 13

ተለካሁ። ጋሼ እንዳሉት ሆነ! እስከ ጣቴ 43፣ እስከ መታጠፊያው 44። ስፋቴም «ደብል ኢ» ወጣ። 44 ሰፊውን፣ ያለ ማሞቂያ ሽፋን፣ ከጎርቴክስ ጋር ገዛሁ። ጣቶቼ ተንቀሳቀሱልኝ። ሱቁ ውስጥ መወጣጫው ላይ ቆሜ ከፊት አልነካኝም። ተረከዜ ግን አሁንም ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ በኋላስ?

ደጋ_አዳኝ · ጁላይ 13

ተረከዝ በአዲስ ደረቅ ጫማ ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። ከፍ ሲል የሚያንሸራትትህ ከሆነ ግን በክር ያዘው። ከፊት እግርህ ላይ ያለውን ክር ላላ አድርገህ እሰር። ቁርጭምጭሚትህ የሚታጠፍበት ቦታ ስትደርስ ክሩን ሁለቴ አጠማዝዘህ ጥብቅ አድርገህ ቆልፈው። ከዚያ በላይ ያለውን እንደሚመችህ። ቁልቁል ከመውረድህ በፊት ሁልጊዜ እንደገና እሰር። የፋብሪካውን የውስጥ ሶል አውጥተህ ተረከዝ የሚያቅፍ ጠንካራ ሶል ብታስገባም ይረዳል።

ማለማመዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብቻ፣ ምንጣፍ ላይ። ሳህን ስታጥብ፣ ቴሌቪዥን ስታይ አድርገው። ሶሉ ካልቆሸሸ ብዙ ሱቅ ይመልስልሃል፤ ደረሰኙን አትጣል። ጎልቶ የሚያምህ አጥንት ካለ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። የሚጫንህ ነገር በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ ቆዳው እየለመደህ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ካለ ወይም ከጨመረ መልሰው።

ከዚያ ወደ ውጪ ውጣ። ቼሪ ክሪክ ፓርክ ላይ ሜዳውን፣ ያለ ሸክም፣ ሰዓት ሰዓት ተኩል። ቀጥሎ ሌክውድ ያለው ግሪን ማውንቴን ላይ፣ ሽቅብና ቁልቁል። በፍልሰታ እየጾምክ ከባድ ሸክም አትሸከም፤ በዚያ ሁለት ሳምንት ጫማውን ብቻ ይዘህ ቀስ እያልክ ሂድ። ጾሙ ሲፈታ ሸክም ጨምር። እንቁጣጣሽ ሲደርስ 15 ኪሎ ተሸክመህ ግማሽ ቀን መሄድ አለብህ።

ሸክሙን በጀሪካን ውሃ አድርገው። ላይ ስትደርስ ደፍተህ ጉልበትህን እያሳረፍክ ትወርዳለህ። አንዳንዴ ግን ሳትደፋ ውረድ። ጣትህ ከፊት የሚመታ መሆኑ የሚታወቀው ተጭነህ ስትወርድ ብቻ ነው።

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለውን ማኒቱ ኢንክላይን ሳትወጣ ወደ አደን አትሂድ። ከ2,700 በላይ ደረጃ አለው። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። መመለሻው በባር መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ሽቅቡ ተረከዝህን፣ ቁልቁለቱ ጣቶችህን ይፈትንልሃል። መግቢያው ነፃ ነው፣ ግን አስቀድመህ በኢንተርኔት መመዝገብ አለብህ።

ሲያትል_ዝናብ · ጁላይ 14

ይሄ ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ እኔም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በቀላል ጫማ ጉዳይ አቋሜ ባይቀየርም ለ30 ኪሎ ሥጋ ያልከው ይገባኛል። አንድ ልጨምር፦ ለካምፕ ቀላል ጫማ ያዝ። ማታ ቡትሱን ስታወልቅ እግርህ ይተንፍስ፣ ጫማውም ይድረቅ።

የአውሮራው · ኦገስት 30

እስካሁን ደህና ነው። ጾሙን ቀስ ብዬ ሄድኩበት። አሁን 10 ኪሎ ላይ ነኝ፣ ግሪን ማውንቴን ላይ። ጣቶቼ አልተመቱም፣ ተረከዜም በአስተሳሰሩ ተይዟል። የግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ብቻ፣ ከውስጥ በኩል ባለው አጥንት ላይ፣ የጫማው ጠርዝ ይጫነኛል። አንድ ባልደረባዬ ጫማውን ሙቅ ውሃ ነክረህ በእግርህ ላይ አድርቀው፣ ወታደር እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለኝ። ሌላው ምድጃ ውስጥ ትንሽ አሙቀው ይላል።

ጫማ_ሠሪው · ኦገስት 30

ተው ልጄ! ሁለቱንም እንዳታደርግ። ያ የውሃ ነገር ለድሮ ጫማ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ቆዳና ሚስማር ለነበረው። ያንተ ጫማ በማስቲሽ የተያያዘ ነው፣ ውስጡም ሽፋን አለው። ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቀዋል፣ ቆዳውንም ያደርቅና ያኮማትረዋል። ስንጥቅ ከጀመረ መመለሻ የለውም።

የሚጫንህ ነጥብ አንድ ብቻ ከሆነ ወደ ጫማ ጠጋኝ ውሰደው። ያችን ነጥብ ብቻ ለይቶ የሚወጥር መሣሪያ አለን። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ላስቲክ ስለሌለ ቆዳው እሺ ይላል። እስከዚያው ከላይ ካሉት የክር መያዣዎች አጥንትህ ትይዩ ያለውን አንዱን ዝለለው።

የአውሮራው · ኦክቶበር 4

አስወጠርኩት፣ ተለቀቀልኝ። ማኒቱንም በ15 ኪሎ ወጥቼ ወረድኩ፤ እግሬ ላይ ምንም አልነበረም። ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሰም መቀባት ያለብኝ መቼ ነው? ድንኳን ውስጥ ቢረጥብስ እንዴት ነው የማደርቀው? ምድጃ ይዘን ነው የምንሄደው።

ጫማ_ሠሪው · ኦክቶበር 4

ጎበዝ። አሁን ቀባው። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽና በውሃ አጥበህ በጥላ አድርቀው። ከዚያ ሰሙን በጣትህ ስስ አድርገህ፣ ስፌቱ ላይና ምላሱ የተሰፋበት ላይ አብዝተህ ቀባ። ዘይት የበዛበት ቅባት አትጠቀም፣ ቆዳውን ያላላብሃል፤ ያ ሁሉ የደከምክበት ድጋፍ ይሄዳል። አድሮ በጨርቅ ወልውለውና ከመሄድህ በፊት አንድ ቀን አድርገው።

ድንኳን ውስጥ ከምድጃው ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። እጅህን አስጠግተህ መቆየት የማትችልበት ቦታ ለጫማውም አይሆንም። የውስጥ ሶሉን አውጣ፣ ምላሱን ክፈት፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ሲረጥብ ለውጠው። ሌሊቱ በጣም ከበረደ ጫማው በብርዱ ግግር ብሎ እንዳይጠብቅህ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ከመኝታ ከረጢትህ እግርጌ አስገባው። የውስጥ ሶሉን ደግሞ ደረትህ አጠገብ። ትርፍ ክርም ቦርሳህ ውስጥ ይኑር፤ የተራራ ክር የሚበጠሰው በበረዶ ቀን ነው።